ሮቶው፣ ቧንቧው እና ስኬትቦርዱ

ኦክላንድም ሳን ሆዜም ያላችሁ አድማጮቻችን፣ ዛሬ በገዛ እጃችሁ የኤሌክትሪክ ስኬትቦርድ መሥራት ለምታስቡ ጀማሪዎች አንድ ነገር ብቻ ይዘናል፤ ኮንትሮለር።

ጣውላውን፣ ጎማውን፣ ሞተሩን፣ ባትሪውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ኮንትሮለር ግን ምንድን ነው? እስቲ የግቢ ሮቶ አስቡ። ባትሪው ሮቶው ነው። ሞተሩ በውኃው የሚዞር ወፍጮ ነው። ኮንትሮለሩ ደግሞ መሀል ያለው ቧንቧ። እናንተ በሪሞት ስታዙት፣ ቧንቧውን በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ክፍት የሚቆይበት ጊዜ ሲረዝም ፍጥነቱ ይጨምራል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ታዲያ ፍሬን ስትይዙስ? ያኔ ነገሩ ይገለበጣል። ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። አሁን ልብ በሉ! ሮቶው ጢም ብሎ ከሞላ፣ የሚመለሰው ውኃ የት ይገባል? ባትሪውን ሙሉ ቻርጅ አድርጎ ከኦክላንድ ኮረብታ ቁልቁል መነሳት፣ በእኔ እምነት፣ ድፍረት ሳይሆን ጅልነት ነው። ኃይሉ መግቢያ ሲያጣ ፍሬኑ ድንገት ሊከዳችሁ ይችላል። ለልምምድ ሜዳማው ሳን ሆዜ ይሻላል።



እንግዲህ ሠርታችሁ ስትጨርሱ ይህን አትርሱ፤ በካሊፎርኒያ ሕግ ዕድሜው ከ16 በታች የሆነ አይነዳውም፤ ለሚነዳው ሁሉ ደግሞ ሄልሜት ግዴታ ነው።