ጸጥተኛ ውሻ ስንመርጥ
(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ውሻ ነው። «ውሻ ከማኅበር ጉዳይ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ብዙዎቻችን ከግቢ ቤት ወጥተን ኮንዶሚኒየም ገብተናል። በግቢ ሳለን ውሻው ሲጮኽ ቢያድር «ቤት እየጠበቀ ነው» እንል ነበር። አሁን ግን ግድግዳችን የጎረቤትም ግድግዳ ነው። ከወዲያ አራስ አለች፣ በሽተኛ አለ። ከወዲህ ደግሞ ብቻዋን ለምትኖር እናት ውሻዋ ጓደኛዋ ነው። ቡና በሚጠራሩ ሰዎች መካከል ቅያሜ ከሚገባ፣ አስቀድሞ አስቦ መምረጥ ይሻላል።

ጩኸት የማያበዙ ዝርያዎች አሉ። ስሙ የገነነው ከአፍሪካችን፣ ከኮንጎ አካባቢ የመጣው ባሴንጂ ነው። የአደን ውሻ ነው። እንደ ሌሎቹ እየደጋገመ አይጮኽም፤ ድዳ ግን አይደለም፤ ደስ ሲለው እልልታ የሚመስል ድምፅ ያሰማል። ሩጫ ካላገኘ ጫማና ትራስ ስለሚቦጫጭቅ፣ ጉልበት ለሌላት ሴት አይመከርም።

ግሬይሃውንድ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል፤ ቤት ውስጥ ግን አብዛኛውን ቀን ተኝቶ ይውላል። ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓኒየል ትንሽና ሰው ወዳድ ነው፤ ሆኖም የልብ ሕመም ስለሚያጠቃው የሐኪም ወጪውን አስቡ። ትንሽ ውሻ ሁሉ ጸጥተኛ ነው ብላችሁ ግን አትሳቱ፤ ቺዋዋና ቴሪየር ጩኸት ይወዳሉ።

የውጭ ዝርያ ዋጋው ውድ ነው፤ የግድም አይደለም። ከሐበሻ ውሾችም ረጋ ያለ ይገኛል። ቡችላ ሲያድግ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያወጣ አይታወቅም፤ ስለዚህ ያደገ ውሻ ውሰዱ። ከመውሰዳችሁ በፊት ሁለት ጊዜ ሄዳችሁ እዩት፤ አንዱ በምሽት ይሁን። በር ሲንኳኳ ጮኾ ቶሎ ዝም ካለ ጥሩ ነው።

ከዘሩ ይልቅ አያያዙ ይበልጣል። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል፣ ብቻውን የሚተው፣ የሚፈራ ውሻ ከየትም ዘር ቢሆን ይጮኻል። ጠዋትና ማታ አንሸራሽሩት። ሲጮኽ አትጩኹበት፣ አትምቱት፤ ዝም ሲል አመስግኑት፣ ቁራሽ ስጡት። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል፤ እንግዳ ሲመጣ አንድ ሁለት ጊዜ ቢጮኽ ታማኝነቱ ነውና አትንፈጉት።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በወቅቱ አስከትቡ። ጸጥተኛው ውሻችሁ በድንገት ጠባዩና ድምፁ ከተለወጠ፣ ለሃጩም ከተዝረበረበ፣ አትቅረቡት፤ ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ይጠብ፣ ሳይውል ሳያድርም ጤና ጣቢያ ይሂድ።

በመጨረሻ፣ ውሻውን ከማምጣታችሁ በፊት ጎረቤቶቻችሁን ቡና ጠርታችሁ አማክሩ። አስቀድሞ የተማከረ ጎረቤት፣ ውሻው አንድ ሌሊት ቢጮኽ እንኳ ይታገሣል።