አበሉ ይቀራል፣ ቁስሉ አብሮ ይሄዳል
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዓመቱ ሂሳብ ከተነበበ በኋላ ጥቂት እንድናገር ስለተፈቀደልኝ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የምናገረው ስለ ወታደር ደመወዝ ነው። «የወታደር ደመወዝና እድር ምን አገናኛቸው?» የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ልጁን ለሠራዊት ያልሰጠ ሰፈር የለም። ከልጆቻችን በክራንች የተመለሱ አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ቆስለው ሳይሰናበቱ፣ በሐኪሞች ቦርድ ውሳኔ ከግንባር ወደ መጋዘን፣ ወደ ወጥ ቤት፣ ወደ ጽሕፈት ቤት የተዛወሩ ናቸው። የዛሬው ነገሬ በተለይ ስለነዚህ ነው። የሞተው ይለቀስለታል፤ የተሰናበተው ጡረታውን ይጠይቃል፤ በመካከል ያለው ግን ጠያቂም የለው።

እንግዲህ ጥያቄው ይኸውላችሁ። ወታደር ከመደበኛ ደመወዙ ሌላ ለሚሠራው ሥራና ለሚሠራበት ቦታ አበል የሚያገኝበት ጊዜ አለ። ቆስሎ የጤና ደረጃው ዝቅ ብሎ ለቀላል ሥራ ሲመደብ፣ ይህ አበል መቅረት አለበት ወይስ የለበትም?

ይቅር የሚለው ወገን ያለ ምክንያት አይናገርም። ይህን እኛ የቆላ ሰዎች በደንብ እናውቀዋለን። ቆላ አገር የተመደበ መምህር ወይም ጤና ረዳት የበረሃ አበል ያገኛል። ጣርማ በርን ተሻግሮ ወደ ደብረ ብርሃን ሲዛወር አበሉ ይቀራል። በዚህ የሚያጉረመርም የለም፤ አበሉ የሙቀቱ ዋጋ ነውና ሙቀቱ ሲቀር አብሮ ይቀራል። ወታደሩም ላይ ሕጉ ይኸው ቢሆን፣ ዛሬ ምሽግ ውስጥ ያለው ልጅና መጋዘን የሚጠብቀው ልጅ እኩል ከተከፈላቸው፣ ምሽግ ውስጥ ያለው «ታዲያ እኔ ምን ተረፈኝ?» ቢል አይፈረድበትም።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። ያ መምህር ወደ ደጋ ሲወጣ ሙቀቱን እዚሁ ትቶ ይሄዳል። በቆላ ሳለ ወባ ይዞት ከሆነ ግን ወባው ጣርማ በርን አብሮት ይሻገራል። አበሉ ቀርቶ በሽታው አብሮ ይሄዳል ማለት ነው። የቆሰለው ወታደርም እንዲሁ ነው። አበሉ ለአደጋው ተብሎ ይከፈለው ነበር፤ አደጋው ሳይደርስበት ሲቀር ተከፈለው፣ በደረሰበት ማግስት ቀረበት። ይህ ሚዛን ተዛብቷል እላለሁ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው የአባቶች ነገር እዚህ ላይ ይመጣል።

እስቲ ሕጉን እንይ። በአገራችን ወታደሩንም ሲቪሉንም የሚያካትት የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 የወጣው በ1955 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 714 በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚከፈለውን በሁለት ከፈለው። የጉዳቱ መጠን ከ10 በመቶ የማያንስና ሥራ ጨርሶ የሚያስተው ከሆነ፣ የመደበኛ ደመወዙ 47 በመቶ በየወሩ እስከ ዕድሜ ልኩ ይከፈለው ነበር። ጉዳቱ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ መሥራት የሚችል ከሆነ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ዳረጎት ይቀበል ነበር። የዳረጎቱም ስሌት የደመወዙ 47 በመቶ በ60 ተባዝቶ፣ እንደገና በጉዳቱ መቶኛ የሚባዛ ነበር። በ2014 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1267 በቦታው ተተክቷል።

ሂሳብ ያለ ቁጥር አይገባምና ለምሳሌ ያህል እንቁጠር። አንድ ወታደር መደበኛ ደመወዙ 5,000 ብር፣ አበሉ 2,000 ብር ነው እንበል። በወር 7,000 ብር ለቤቱ ይገባል። እግሩን ተመትቶ ቦርዱ 30 በመቶ ጉዳት ብሎ ጻፈለት፤ ለቀላል ሥራም መደበው። የ5,000 ብር 47 በመቶ 2,350 ብር ነው። በ60 ሲባዛ 141,000፣ የዚህ 30 በመቶ ደግሞ 42,300 ብር ይሆናል። ሲቀበሉት ብዙ ይመስላል። ነገር ግን በየወሩ የሚቀርበት አበል 2,000 ብር ነው። 42,300ን ለ2,000 ስናካፍል 21 ወር ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ለእግሩ የተሰጠው ዳረጎት የቀረውን አበል ከመሙላት አላለፈም። ከዚያ በኋላ ለእግሩ የተከፈለው ምንድን ነው? ምንም!

ልብ በሉ፤ ዳረጎቱም ሆነ ጡረታው የሚሰላው በመደበኛ ደመወዝ ላይ ነው። አበል አይቆጠርም። ስለዚህ ከወር ገቢው አብዛኛው በአበል መልክ የሚመጣለት ሰው ሲጎዳ የሚደርሰው የዚያኑ ያህል ያነሰ ነው። ሕጉ የወታደሩን ሥራ ከባድነት ያልተረዳ አይደለም። ያው የ2003ቱ አዋጅ ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት ለሲቪሉ 1.25 በመቶ ሲጨምር ለወታደሩና ለፖሊሱ 1.65 በመቶ ይጨምር ነበር። ግን በአምስትና በስድስት ዓመቱ የቆሰለ ወጣት ከዚህ ብልጫ አይደርስም።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? እኔ የማስበው አበሉን ለሁለት መክፈል ነው። ለምሽግ ኑሮ፣ ለቦታ፣ ለስንቅ የሚሰጠው ከቦታው ጋር ይቅር። ለአደጋው የሚሰጠው ግን አደጋው ለደረሰበት ሰው በአንድ ቀን አይቋረጥ፤ ቢያንስ ታክሞ አዲሱን ሥራ እስኪለምድ፣ ቤተሰቡም ኑሮውን እስኪያስተካክል ይቆይለት። ይህ ያልተሞከረ ነገር አይደለም። በአሜሪካ ሠራዊት በ2008 እ.ኤ.አ. በተደነገገ ሕግ፣ በጦር ቀጣና ቆስሎ ሆስፒታል የገባ ወታደር ሲያገኝ የነበረው የአደጋ ክፍያ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ይቀጥልለታል። እነሱ ሀብታም ናቸው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን ነገሩ የሀብት ብቻ አይደለም፤ የቁስለኛው ቤት ኪራይና የልጆቹ ቀለብ በቆሰለበት ቀን እንደማይቆም ማወቅ ነው።

የወታደር ቅሬታ ትንሽ መስሎ እንደማይቀር ከታሪካችን እናውቃለን። በጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና የነበረው ጦር ያመፀው በምግብና በውኃ ጉዳት ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እዚሁ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከወታደሩ ጎን የቆሰሉ ሚሊሻዎችና ገበሬዎች ነበሩ። እነዚህ የወር ደመወዝተኞች አይደሉም። የዜሮ 47 በመቶ ያው ዜሮ ነው! ስለ ወታደሩ አበል ስንከራከር አበልም ደመወዝም ያልነበረውን ጎረቤታችንን መርሳት የለብንም።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። አዋጅ ማሻሻል የእድር ሥልጣን አይደለም። የእኛ ሥልጣን የእድሩ ደንብ ነው። በደንባችን ቀብር ያልቆፈረ፣ ቃሬዛ ያልተሸከመ ይቀጣል። አንድ እግር ያለውን ሰው «አልቆፈርክም» ብለን ብንቀጣው፣ መንግሥትን የምንወቅስበትን ነገር እኛው ደገምነው ማለት ነው። ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

1ኛ/ የአካል ጉዳት ያለበት አባል ከቁፋሮና ከሸክም ነፃ ሆኖ መብቱ ሳይጓደል ለቅሶ መዝጋቢ ወይም ዕቃ ተቆጣጣሪ ሆኖ ያገልግል።

2ኛ/ ቆስሎ ሆስፒታል የተኛ አባል ወርሃዊ መዋጮው እስከ አንድ ዓመት ያለ ቅጣት ይጠበቅለት።

3ኛ/ ጸሐፊያችን የቁስለኛ ቤተሰቦችን የቦርድ ማስረጃና የደመወዝ ወረቀት ቅጂ በአንድ ፋይል ያስቀምጥላቸው። ወረቀቱ የጠፋበት ሰው መቶኛውም ይጠፋበታልና።

ለቀብር የተሰበሰብን ሰዎች ነን። የሞተውን በወግ መቅበር እናውቅበታለን። በሕይወት ተርፎ አካሉ የጎደለውን በወግ ማኖርንም አብረን እንወቅበት። ሐሳቡ በድምፅ እንዲወሰን ለዳኛው አቅርቤ ንግግሬን እፈጽማለሁ።