የአይጥ ጭንቀት በምን ይለካል?

(በሳይንስ ተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



በዛሬው ምሽት ስለ አይጥ ልንናገር መነሣታችን አንዳንዱን ሳያሥቀው አይቀርም። በአገራችን አይጥ ወጥመድ የሚጠመድላት፥ ድመት የሚቀለብላት እንስሳ ናት እንጂ ስለ ደኅንነቷ ንግግር የሚደረግላት አይደለችም። ሆኖም የአገራችን ተመራማሪዎች የባህል መድኃኒት ቅጠሎችንና ሥሮችን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈትኑት በዚህችው ነጭ አይጥ ላይ ስለ ሆነ፥ ፈርታ እንደ ሆነ ማወቅ ለርኅራኄ ብቻ ሳይሆን ለውጤቱም እውነተኛነት ያስፈልጋል ብለን እናምናለን።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1936 ዓ.ም. ሐንስ ሰልየ የተባለው ሊቅ፥ በሞንትሪያል ከተማ ሲሠራ፥ አይጦችን ብርድ ቢያስመታቸውም፥ መርዝ ቢወጋቸውም፥ ከመጠን በላይ ቢያደክማቸውም በአካላቸው የሚታየው ለውጥ አንድ ዓይነት መሆኑን አስታወቀ። ይኸውም ከኩላሊት በላይ የተቀመጠው አድሬናል የተባለው ዕጢ ያድጋል፤ ታይመስ ይኰማተራል፤ ጨጓራ ይቈስላል። ዛሬ መንገዱ በሚገባ ታውቋል። አንጎል ሥጋት ሲሰማው ከሥሩ ላለው ለፒቱታሪ ያስታውቃል፤ ፒቱታሪም በደም በኩል አድሬናልን ያነሣሣል፤ አድሬናልም ሆርሞኑን ያፈልቃል። ይህ ሆርሞን በሰውና በውሻ በተለይ ኮርቲሶል ሲሆን በአይጥ ግን ኮርቲኮስተሮን ነው። (ለሰው የተዘጋጀውን የኮርቲሶል መመርመሪያ ገዝቶ የአይጥ ደም የሚመረምር ሰው ገንዘቡን ማጥፋቱ ነው።)

«እንግዲያስ ደም ቀድቶ መለካት ነው፤ ምን ችግር አለው?» የሚል ይኖራል። ችግሩ ያለው ከቀጂው እጅ ነው። አይጧ ከተያዘች 3 ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ ሆርሞኑ በደሟ ውስጥ መጨመሩ ይታያል። ስለዚህ በሣጥኗ ውስጥ ስናሯሩጣት ቈይተን የቀዳነው ደም የሚነግረን ስለ ኑሮዋ ሳይሆን ስለ እኛ ነው። ከዚህም በላይ ሆርሞኑ ያለ አንዳች ጭንቀት በየዕለቱ ከፍና ዝቅ ይላል። አይጥ የሌሊት እንስሳ ስለ ሆነች በእርሷ ዘንድ ከፍ የሚለው ሲመሽ ነው፤ በሰው ግን ሲነጋ ነው።

ይህን ችግር ያቃለሉት ዓይነ ምድር የሚመረምሩት ናቸው። ሆርሞኑ በጕበት ተለውጦ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣልና፥ በቪየና የእንስሳት ሕክምና ዩኒቨርሲቲ እነ ሩፐርት ፓልመ ቅሪቱን የሚለኩበት ዘዴ አበጅተዋል። አይጧ ሳትነካ ከሣጥኑ ይለቀማል፤ የሚነግረንም የአንድ ቅጽበት ሳይሆን የሰዓቶችን ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ቍጥሩ ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይገባውም። ወንዱ አይጥ ከሴቷ ጋር ሲገናኝም ሆርሞኑ ከፍ ይላል፤ ይህንንም ሥቃይ የሚለው የለም። በአንጻሩ ለብዙ ጊዜ የተጨነቀ እንስሳ ሆርሞኑ እንደ ጤነኛው ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ጐጆዋን ትሠራ እንደ ሆነ፥ ክብደቷ ይቀንስ እንደ ሆነ፥ ጠጕሯን ታጸዳ እንደ ሆነ አብሮ ማየት ግድ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. በማክጊል ዩኒቨርሲቲ እነ ጄፍሪ ሞጊል፥ ወንድ ሰው ወይም ወንድ የለበሰው ከናቴራ በአጠገባቸው ሲሆን የአይጦች ኮርቲኮስተሮን ከፍ እንደሚልና የሕመም ምልክታቸው እንደሚቀንስ አሳተሙ። ሴት ተመራማሪ ስትሆን ይህ አልታየም። እንግዲህ አንድ ቅጠል ሕመም ያስታግሥ እንደ ሆነ ስንፈትን፥ ቅጠሉን የተቀበሉትን አይጦች ወንዱ ተማሪ፥ ያልተቀበሉትን ሴቷ ተማሪ ብትይዝ ምን ይሆናል? ፍርሃት የሠራውን ሥራ ለቅጠሉ ቈጥረን፥ ለማይረባ መድኃኒት ምስክር ሆነን እንገኛለን። ያን ቅጠል አምኖ የሚጠጣው በሽተኛ ደግሞ የገዛ ወገናችን ነው። የሞቱትም አይጦች በከንቱ ሞቱ ማለት ነው።

ራስልና በርች የተባሉት እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1959 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ፥ እንስሳውን በሌላ ዘዴ መተካት፥ ቍጥሩን መቀነስ፥ ሥቃዩን ማቅለል የሚሉ ሦስት መንገዶችን አሳይተዋል። ሦስተኛው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሆርሞን መለኪያው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ስለ ሆነ ዛሬውኑ ይምጣልን አንልም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. ጄን ኸርስትና ርብቃ ዌስት በሊቨርፑል እንዳሳዩት፥ አይጥን ጅራቷን ይዞ ከማንሣት ይልቅ በቱቦ ውስጥ አስገብቶ ወይም በመዳፍ አቅፎ ማንሣት ፍርሃቷን ይቀንሳል። እኛ ጅራት ይዞ ማንሣትን ነው የተማርነው።

ስለዚህ የጨርቅ ነጋዴዎች የሚጥሉትን የጥቅል ካርቶን ለቱቦ የሚሆነውን እየቈረጥን ለማምጣት ተስማምተናል። በላቦራቶሪው መዝገብ ላይ አይጧ የተያዘችበት ሰዓትና የያዛት ሰው ወንድ ወይም ሴት መሆኑ የሚጻፍባቸው ሁለት ዓምዶች መጨመር ግን በመምህራኖቻችን ፈቃድ የሚሆን ነው፤ ከመጪው ሴሚስተር የመጀመሪያ ሙከራ በፊት እንዲፈቀድልን በአክብሮት እንጠይቃለን።