ኮምፒዩተሩ ድምፁን ለምን ይረሳል?



በማኅበራችን የንባብ ክፍል ያለው የሊኑክስ ኮምፒዩተር ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር ድምፁ ለምን እንደሚሰወር እንድናስረዳ ታዘናል። ነገሩ ለብዙዎቻችን ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ሙዚቃ ለሚያዳምጥ ሰው ድምፅ ጠፋ ማለት ቅንብሩን ከፍቶ አንድ ጊዜ መጫን ነውና። ዳሩ ግን በዚህ ኮምፒዩተር የሚሠሩት ዓይነ ስውራን ጓደኞቻችን ናቸው። እነርሱ የሚሠሩት ኦርካ የተባለው ፕሮግራም በስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ሲያነብላቸው ነው፤ ድምፅ ከሌለ ድምፁን የሚመልሰውን ቅንብር የሚያገኙበት መንገድም የለም። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የሚያይ ሰው እስኪመጣ ድረስ ቁጭ ብለው መጠበቅ ግድ ሆኖባቸው ነበር።

ሕመሙ እንዲህ ነው። ስፒከሩ የተሰካው በኮምፒዩተሩ ጀርባ ባለው አረንጓዴ ቀዳዳ ነው፤ ሞኒተሩ ደግሞ በኤችዲኤምአይ ገመድ ተያይዟል። ሞኒተሩ ስፒከር የለውም፤ ሆኖም ኤችዲኤምአይ ድምፅንም የሚያሳልፍ ስለ ሆነ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ድምፁን ወደዚያ ይልከዋል። እኛ ወደ ስፒከሩ እንመልሰዋለን፤ ጠፍቶ ሲነሣ ግን ያው ነው።

በመጀመሪያ የሠራነውን ስሕተት ሳንደብቅ እንናገር። እያንዳንዱ የድምፅ መውጫ ቁጥር አለው፤ እኛም ማሽኑ ሲነሣ 47ን ምረጥ የሚል ትእዛዝ ጻፍንለት። ሁለት ቀን ሠራ፤ በሦስተኛው ቀን 47 ሌላ ነገር ሆኖ ተገኘ። ለካ ቁጥሮቹ በየጊዜው እንደ አዲስ የሚታደሉ ናቸው። ከዚያ በኋላ የለቃቀምነው ምክር ደግሞ አብዛኛው ፐልስኦዲዮ ለተባለው ለቀድሞው አገልግሎት የተጻፈ ነበር። የእኛ ማሽን ግን የሚሠራው በፓይፕዋየር ነው፤ ይህንንም ፌዶራ እ.ኤ.አ. በ2021 በ34ኛው እትሙ፣ ኡቡንቱም በ2022 በ22.10 እትሙ በፐልስኦዲዮ ቦታ ተክተውታል። የሌለ አገልግሎት ፋይል ስናርም ሁለት ከሰዓት በኋላ አለፈ።

እንግዲህ የሚያስታውሰው አንድ አካል ብቻ አይደለም። ከሥር፣ በከርነሉ ውስጥ፣ አልሳ አለ፤ የድምፁን መጠን የሚይዘው እርሱ ነው። መጠኑ በፋይል የሚጻፈው ማሽኑ በሥርዓት ሲጠፋ ስለ ሆነ፣ መብራት በድንገት ሲሄድ ሳይጻፍ ይቀርና የቆየው ይመለሳል። (መጠኑ ብቻ የሚለወጥባችሁ፣ አስተካክላችሁ «አልሳሲቲኤል ስቶር» የሚለውን ትእዛዝ በአስተዳዳሪ ሥልጣን አንድ ጊዜ ስጡ።) ድምፁ ወዴት ይሂድ የሚለውን የሚወስነውና ምርጫችንን የሚያስታውሰው ግን የፓይፕዋየር ረዳት የሆነው ዋየርፕላምበር ነው። መዝገቡንም በተጠቃሚው ማኅደር፣ በስውሩ «ሎካል» ውስጥ «ስቴት» በሚባለው አቃፊ ይጽፋል።

እዚያ ገብተን ብናይ የአቃፊው ባለቤት «ሩት» ሆኖ አገኘነው። ጥፋቱ የራሳችን ነው፤ ፋይሎቹን ከአሮጌው ዲስክ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ስንገለብጥ የሌሎቹን ባለቤትነት መልሰን ይህን ረስተነዋል። ስለዚህ ዋየርፕላምበር ሊጽፍ አልቻለም። ረሳ እያልን የምናማውን ማሽን፣ ደብተሩን ቀምተን ቆልፈንበት ኖሯል። መዝገብ ሲያጣ ደግሞ ኤችዲኤምአዩን ይመርጣል፤ በእኛ ማሽን አረንጓዴው ቀዳዳ ስፒከር መሰካቱን ማሳወቅ አይችልም፣ ሞኒተሩ ግን «አለሁ» ይላልና።

ባለቤትነቱን መለስን፤ ምርጫውን እንደገና አደረግን፤ ማሽኑንም ከማጥፋታችን በፊት የመዝገቡ ፋይል ቀን የዕለቱ መሆኑን አየን። ይህችን አትዝለሉ፤ ፋይሉ ካልተለወጠ አጥፍቶ ማስነሣት ጊዜ ማባከን ነው።

ሥራው አለቀ ብለን ስንደሰት አንዱ ጓደኛችን፣ «ከገባሁ በኋላማ ምን ቸገረኝ፤ መግባቱ ነው እንጂ» አለን። እውነቱን ነው። የምሥጢር ቃል የሚጠየቅበት የመግቢያ ገጽ በሌላ ተጠቃሚ ስም ስለሚሠራ የእኛን መዝገብ አያነብም። ስለዚህ በ«ኢቲሲ» ሥር ባለው በዋየርፕላምበር አቃፊ ለተጠቃሚ ሁሉ የሚሠራ ደንብ ጻፍን፤ ለዚህ ካርድ ከኤችዲኤምአይ ይልቅ አናሎጉን አስቀድም የሚል ነው። ባለፈው ሐሙስ መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ መጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ የመግቢያው ገጽ በስፒከሩ ተናገረ። የብሉቱዝ ማዳመጫ ያላችሁ ግን ጥያቄያችሁን ለሚቀጥለው ስብሰባ አቆዩልን፤ እርሱ የራሱ ጣጣ አለው።