የሥዕል መምህሩና ማኅበሩ፤ ሠዓልያንና መንግሥት በግብፅ



እንድናገርበት የተሰጠኝ አርእስት በዐረብ አገሮች የሠዓልያን ማኅበራት ከመንግሥት ጋራ ስለነበራቸው ግንኙነት ነው። ነገሩ እጅግ ሰፊ ስለሆነ ግብፅን ብቻ መርጫለሁ። የመረጥሁበትም ምክንያት፥ የታሪኩ ዋና ክፍል ከአንድ የሥዕል መምህር ክፍል ስለሚነሣና የእኛን ሙያ በቀጥታ ስለሚነካ ነው። ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በካይሮ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1908 ዓ.ም. ሲከፈት መሥራቹ ልዑል የሱፍ ካማል ነበሩ። ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት ሥዕል በመሳፍንትና በባለጸጎች ጥላ ሥር ኖረች፤ ማኅበር ቢባልም የሥዕል ወዳጆች ማኅበር እንጂ የሠዓልያን አልነበረም።

ይህን ልማድ በግልጽ የጣሱት «ጥበብና ነጻነት» የተባለውን ቡድን ያቋቋሙት ወጣቶች ናቸው። የሂትለር መንግሥት በ1937 ዓ.ም. በሙኒክ ከተማ የአዳዲሶቹን ሠዓልያን ሥራ ሰብስቦ «የዘቀጠ ጥበብ» በማለት ለሕዝብ መሳለቂያ አቅርቦት ነበረ። ጆርጅ ሔነን፥ ራምሲስ ዩናን፥ ካሚል ተልሚሳኒና ጓደኞቻቸው ግን ስድቡን እንደ ማዕርግ ተቀብለው ታኅሣሥ 22 ቀን 1938 ዓ.ም. «የዘቀጠ ጥበብ ለዘላለም ይኑር» የሚል መግለጫ በካይሮ አወጡ። ድፍረታቸው የሚደነቅ ነው። ሆኖም ከንግግራቸው ብዙው በፈረንሳይኛ ስለነበረ ስለ ድኻው የሚናገሩትን ድኻው አይሰማውም ነበረ። በ1940 ዓ.ም. በዐረብኛ የጀመሩትም መጽሔት አንድ ዓመት ሳይሞላው ቀረ።

ወደ መምህሩ ልመለስ። ሑሴን የሱፍ አሚን በኢጣልያ ሥዕል ተምረው ከተመለሱ በኋላ በካይሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ያስተምሩ ነበረ። ተማሪው ከአውሮፓ የመጣ ሥዕል እየተመለከተ ከሚገለብጥ ይልቅ በሰፈሩ የሚያየውን፥ ጠንቋዩን፥ ክታቡን፥ የመውሊዱን ጭፈራ እንዲሥል ያደፋፍሩት ነበረ። ከተማሪዎቻቸው መካከል በሰይዳ ዘይነብ ሰፈር ያደገው አብደል ሃዲ ኤል ገዛርና ሐሚድ ነዳ ይገኛሉ። ከእነዚሁ ወጣቶች ጋራ «የዘመኑ ጥበብ ማኅበር»ን መሥርተው በ1946 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ትርዒት አሳዩ።

በ1949 ዓ.ም. ገዛር አንድ ሥዕል ለትርዒት አቀረበ። ጫማ የሌላቸው ድኾች በአንድ ረድፍ ቆመዋል፤ በፊታቸው ባዶ ሳሕኖች መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ንጉሥ አልተሣለበትም። ነገር ግን አገሪቱ በ1948ቱ የፍልስጥኤም ጦርነት ድል ከተነሣች ገና ብዙ አልቆየችም፤ የንጉሥ ፋሩቅም ክብር በሕዝቡ ዘንድ ወድቆ ነበረና ባዶው ሳሕን እንደ ክስ ተቈጠረ። ሠዓሊው ታሰረ፤ መምህሩም አብረውት ታሰሩ።

መምህሩ ስለምን ታሰሩ? እኔ እንደሚመስለኝ፥ ሠዓሊ ብቻውን ሲሥል የግል ጠባዩ ነው ይባላል፤ ከማኅበር ጋራ ሲሥል ግን መንግሥት «ከበስተኋላው ማን አለ» ብሎ ይጠይቃል። ከበስተኋላው የተገኘው የሥዕል አስተማሪ ነበረ።

ያስፈቷቸው ሁለት አንጋፋ ሠዓልያን ናቸው። አንደኛው መሐሙድ ሰዒድ፥ የጠቅላይ ሚኒስትር ልጅ፥ እስከ 1947 ዓ.ም. በዳኝነት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ሁለተኛው መሐመድ ናጂ ሲሆኑ፥ እኒህ ሰው በ1932 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሣሉ ናቸው። የሁለቱ አማላጅነት ተሰማ። ያስፈታቸው የማኅበሩ ደንብ ሳይሆን የትልልቅ ሰዎች ስም መሆኑን ሳስብ ደስታዬ ሙሉ አይሆንም፤ እንዲህ ያለ አማላጅ ያልነበረው ተማሪ ምን ይሆን ነበረ?

ከ1952ቱ አብዮት በኋላ ደግሞ መንግሥት ራሱ የጥበብ ደጋፊ ሆነ፤ ሠዓሊው ከመደበኛ ሥራው ተላቆ እንዲሥል ገንዘብ መስጠት ጀመረ። ገዛር በ1962 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ገማል አብደል ናስር ባወጡት ብሔራዊ ቻርተር ስም «ቻርተር» የተባለውን ሥዕል፥ በ1964 ዓ.ም. ደግሞ የአስዋንን ታላቅ ግድብ ሣለ። ለመንግሥት አደረ የሚሉት አሉ። እኔ ግን በግድቡ ሥዕል አካሉ ከመሣሪያ ጋራ የተዋሐደውን ያን ግዙፍ ሰው ስመለከት፥ ፊቱ የደስተኛ ሰው ፊት ሆኖ አይታየኝም።

በዚያው ዘመን እስር ቤቱም ባዶ አልነበረም። ሥዕልን ከተልሚሳኒ የተማረችው ኢንጂ አፍላጡን በፖለቲካ እምነቷ ከ1959 እስከ 1963 ዓ.ም. ታስራ እስረኞቹን ሴቶች ትሥል ነበረ። ራምሲስ ዩናን ደግሞ በንጉሡ ጊዜ ታስሮ ወደ ፓሪስ ከሄደ በኋላ፥ በ1956ቱ የሱዌዝ ጦርነት በፈረንሳይ ራዲዮ አገሩን የሚነቅፍ ቃል አላነብም በማለቱ ከሥራው ተባረረ፤ ወደ ካይሮም ተመለሰ።

ገዛር በካይሮ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ሲሠራ ኖሮ በ1966 ዓ.ም. ገና አርባ አንደኛ ዓመቱን ሳይደፍን ዐረፈ። መምህሩ ሑሴን የሱፍ አሚን ከተማሪያቸው በኋላ ዐሥራ ስምንት ዓመት ኖረዋል።