ግልባጭ የሌለው ቤት
(በራዲዮ የተደረገ ንግግር)



በመሥሪያ ቤቶቻችን ለብዙ ዘመን የኖረ አንድ መልካም ልማድ አለ። ይኸውም ማናቸውም ደብዳቤ ከፊርማው በታች «ግልባጭ» የሚል ቃል ሳይጻፍበት፤ አንዱም ቅጂ በመዝገብ ቤት ሳይቀር ወደ ውጭ አለመውጣቱ ነው። ደብዳቤው በመንገድ ቢጠፋ፤ ተቀባዩ «አልደረሰኝም» ቢል፤ ወይም ከዓመታት በኋላ ክርክር ቢነሣ፤ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ፋይሉን አውጥቶ ቁጥሩንና ቀኑን ያሳያል። ነገሩም በዚያው ያበቃል። ስለዚህ ግልባጭ ማለት የወረቀት ብክነት ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ ትዝታ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

እንግዲህ ይህን ሥርዓት በየቀኑ የሚፈጽመው የመንግሥት ሠራተኛ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ምን ይዞ ይገባል? በኪሱ አንድ ስልክ ይዞ ይገባል። በዚያች ስልክ ውስጥ የልጆቹ ፎቶግራፍ፤ በሕይወት የሌሉ እናቱ የመረቁት የምርቃት ድምፅ፤ የዲግሪው ምስል፤ የቤቱ ካርታ፤ የግብርና የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ፤ የቅጥርና የደረጃ ዕድገት ደብዳቤው ሁሉ ተከማችቶ ይገኛል። ለዚህ ሁሉ ግልባጭ የት አለ ተብሎ ቢጠየቅ ግን የብዙዎቻችን መልስ ዝምታ ነው። ለመሥሪያ ቤቱ አንዲት የስብሰባ መጥሪያ እንኳ ያለ ግልባጭ የማያሳልፍ ሰው የገዛ ሕይወቱን ያለ ግልባጭ ያኖረዋል። በዛሬው ምሽት ስለዚህ ጉዳይ ጥቂት ቃል ለመናገር እወዳለሁ።

ስልክ ይሰረቃል፤ ከእጅ ወድቆ ይሰበራል፤ ውሃ ይገባበታል። ሐርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር አካል ያለው ስለሆነ እንደ ማናቸውም መኪና አንድ ቀን ማርጀቱና መቆሙ አይቀርም። ፍላሽ የምንለው ትንሽ ዕቃም ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ለብዙ ዓመታት በመሳቢያ ቢቀመጥ የያዘው ነገር ቀስ በቀስ ሊደበዝዝ ይችላል። ቤት ሲለቀቅና ዕቃ በመኪና ሲጫን ደግሞ መጀመሪያ የሚጠፋው ትንሹ ዕቃ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ይህን ሁሉ የምናገረው ለማስፈራራት አይደለም። መሣሪያ ሁሉ የሚያልፍ መሆኑን ካመንን፤ የምንወደውን ነገር በአንድ መሣሪያ ብቻ አደራ ልንሰጥ እንደማይገባን ለማስረዳት ነው።

ምናልባት ከአድማጮቼ አንዱ «ይህ የደኻ አገር ችግር ነው» ይል ይሆናል። እንዲህ ላለው ሰው በ2018 ዓ.ም. መስከረም 16 ቀን፤ እኛ ደመራ በደመርንበት ዕለት፤ በደቡብ ኮሪያ የደረሰውን ነገር ላስታውሰው። ዴጆን በተባለው ከተማ በሚገኘው የመንግሥት የመረጃ ማእከል ከሊቲየም ባትሪዎች እሳት ተነሣ። በዚሁ እሳት 96 የመንግሥት የኮምፒዩተር ሥርዓቶች በቀጥታ ሲቃጠሉ፤ ሌሎችም በመቶ የሚቆጠሩ ሥራቸውን አቆሙ። ከተቃጠሉት መካከል አንዱ የመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ሰነዳቸውን የሚያኖሩበት ጂ-ድራይቭ የተባለው ማከማቻ ነበረ። በዚያ የነበረው መረጃ 858 ቴራባይት ያህል ነው። ይህን በቀላል ለመረዳት፤ ባለ 128 ጊጋባይት ስልክ ቢሆን 6,700 ያህል ስልኮችን ጢም አድርጎ የሚሞላ ነው ማለት ነው። ታዲያ የዚህ ሁሉ መረጃ ግልባጭ በሌላ ስፍራ አልተቀመጠም ነበር። ለምን ተብሎ ሲጠየቅም መረጃው እጅግ ብዙ በመሆኑ ግልባጭ ለማድረግ አልተመቸም የሚል መልስ ተሰጠ። ሠራተኞቹም በየኮምፒዩተራቸው፤ በኢሜይላቸውና በወረቀት የቀረውን ቃርሚያ እየለቀሙ ሥራቸውን እንደ ገና ለማቆም ተገደዱ።

አድማጮቼ፤ በዚህ ታሪክ ሁለት ቁም ነገር አለ። አንደኛው፤ መረጃው ሲበዛ ግልባጭ ማድረግ የሚያስቸግር ይመስላል፤ ነገር ግን የጠፋ ዕለት የሚያሳዝነው ያው ብዛቱ ነው። ሁለተኛው፤ በዚያ ጥፋት ውስጥ ከሞት የተረፈው ሰነድ በአጋጣሚም ቢሆን በሌላ ቦታ ሁለተኛ ቅጂ የነበረው ብቻ ነው።

ከዚህ ተነሥተን ግልባጭ ማለት ምን እንደ ሆነ በትክክል መረዳት ይገባናል፤ ብዙ ሰው ግልባጭ ያለው እየመሰለው የሌለው ነውና። ፎቶግራፎቹን ከስልኩ ወደ ኮምፒዩተሩ ከገለበጠ በኋላ ከስልኩ ላይ የሚያጠፋ ሰው ዕቃውን ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል አዛወረ እንጂ ግልባጭ አላደረገም። ኮምፒዩተሩንና ሐርድ ዲስኩን ባንድ ቦርሳ ይዞ የሚዞር ሰውም ሌባ ባንድ እጁ ሁለቱን እንዲወስድለት አመቻቸ። ከኢንተርኔት ማስቀመጫ ጋር የተያያዘው ስልክ ደግሞ ሌላ ተንኮል አለው። በስልኩ ላይ የተደመሰሰው ፎቶግራፍ በዚያም በኩል አብሮ ሊደመሰስ ይችላል። ይህ መስተዋት ነው እንጂ ግልባጭ አይደለም፤ መስተዋት ሰውየው ሲሄድ ምስሉን አያስቀርምና። ሰነዱን ሁሉ በቴሌግራም ለራሱ ልኮ የሚያስቀምጥም ብዙ ነው። ለጊዜው የሚረዳ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ያ ሒሳብ በስልክ ቁጥር ላይ የተመሠረተ፤ ባለቤቱም ለረጅም ጊዜ ሳይገባበት ቢቀር ራሱ እንዲሰረዝ ሆኖ የተሠራ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

የዚህ ሙያ አዋቂዎች ለማስታወስ የሚቀልል አንድ ደንብ አላቸው፤ ሦስት፤ ሁለት፤ አንድ ይሉታል። ሦስት ማለት ዋናውን ጨምሮ ሦስት ቅጂ ይኑር ማለት ነው። ሁለት ማለት ቅጂዎቹ በሁለት ዐይነት ማስቀመጫ ላይ ይሁኑ ማለት ነው። አንድ ማለት ከቅጂዎቹ ቢያንስ አንዱ ከቤት ውጭ ይቀመጥ ማለት ነው። ከሦስቱም የሚበልጠው የመጨረሻው ነው። እሳትና ጎርፍ ቅጂ አይቈጥሩም፤ ባንድ ጣራ ሥር ያገኙትን ሁሉ ባንድነት ይወስዳሉ።

ይህ ደንብ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ጥበብ እንዳይመስላችሁ። አባቶቻችን ደብተሮች በብርዕና በብራና ፈጽመውታል። የመጽሐፈ ሄኖክን ታሪክ ተመልከቱ። መጽሐፉ በጥንት ዘመን በአራማይስጥ ተጽፎ ወደ ግሪክኛም ተተርጕሞ ነበር። በሌላው ዓለም ግን ቅጂው እየተመናመነ ሄዶ ቍርጥራጩ ብቻ ቀረ። ሙሉው መጽሐፍ ተጠብቆ የኖረው በግእዝ ነው። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ በ1773 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ቅጂዎቹን ይዞ ወደ አውሮፓ በተመለሰ ጊዜ የዚያ አገር ሊቃውንት መጽሐፉን ለማግኘት በቁ። ይህ የሆነው አንድ ጠንካራ ሣጥን ስለ ተገኘ አይደለም። በየደብሩና በየገዳሙ ጸሓፊዎች ሳይሰለቹ ስለ ገለበጡት፤ አንዱ ደብር ቢቃጠል ሌላው ስላስቀረው ነው።

በቅርቡ ዘመንም ይኸው ሥራ በሌላ መሣሪያ ተደግሟል። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የብራና መጻሕፍቶቻችን በማይክሮፊልም እየተነሡ፤ አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ ሲቀመጥ ሌላው በአሜሪካ ሚኔሶታ በኮሌጅቪል ተቀመጠ። ቍጥራቸውም ከ9,000 በላይ ደረሰ። በ2021 እ.ኤ.አ. ያረፉት ታላቁ ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በዚያ ተቀምጠው ከእነዚህ መጻሕፍት የብዙዎቹን ዝርዝር ለዓለም አቅርበዋል። ባለፉት ዓመታት በአገራችን ብዙ ሁከት አልፏል፤ የፊልሙ ግልባጭ ግን ሁከቱ በማይደርስበት ስፍራ ነበረ። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ተረት እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚወረሰው ወራሹ ሲያገኘው ነው።

እንግዲህ በቤታችን ምን እናድርግ? ነገሩ ብዙ ገንዘብና ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም።

በመጀመሪያ የሚጠፋው ሁሉ እኩል አለመሆኑን ማወቅ ነው። ፊልምና ዘፈን እንደ ገና ይገኛል። የትዳር የምስክር ወረቀት፤ የልደት ምዝገባ፤ የትምህርት ማስረጃ፤ የቅጥር ደብዳቤ፤ የይዞታ ካርታ፤ የቤተ ሰብ ፎቶግራፍና የወላጅ ድምፅ ግን በመጀመሪያው ረድፍ ይሰለፋሉ። ወረቀቶቹን በቀን ብርሃን አጥርቶ ፎቶግራፍ ማንሣት፤ ቁጥርና ማኅተም በግልጥ መታየቱን ማረጋገጥ፤ ለየአንዳንዱም ስሙንና ዓመቱን መጻፍ ያስፈልጋል። የወረቀቱ ፎቶግራፍ በሕግ ፊት ዋናውን እንደማይተካ የታወቀ ነው። ሆኖም ዋናው በጠፋ ጊዜ የሰጠው ክፍል ምትኩን ፈልጎ እንዲሰጥ የመዝገቡን ቁጥርና ቀን ይመራዋል። የሃያና የሠላሳ ዓመት አገልግሎቱን ለማስረዳት በስተርጅና በየመሥሪያ ቤቱ የሚንከራተት ባለ ጡረታ የዚህን ጥቅም ከእኔ ይልቅ ያውቃል።

ሁለተኛ፤ ለብቻው የሚቀመጥ አንድ ሐርድ ዲስክ ይገዛ። ከገለበጡበት በኋላ ከኮምፒዩተሩ ነቅሎ ማኖር ይገባል፤ ፋይል ቈልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ተያይዞ ያገኘውን ዲስክ ሁሉ ይቈልፋልና። በ2017 እ.ኤ.አ. ግንቦት ወር በብዙ አገሮች የተዛመተው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ለዚህ ምስክር ነው።

ሦስተኛ፤ አንዱ ቅጂ ከቤት ይውጣ። በኢንተርኔት ማስቀመጫ ቢሆን መልካም ነው፤ ነገር ግን በእርሱ ብቻ መታመን አይገባም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ እንደ ነበር የምንረሳው አይደለም። ሌላው መንገድ ቅጂውን በይለፍ ቃል ቈልፎ በሌላ ሰፈር ወይም በሌላ ከተማ ለሚኖር ለታመነ ወንድም ወይም እኅት በአደራ መስጠት ነው። የይለፍ ቃሉን ደግሞ ከባለቤቱ በቀር የትዳር ጓደኛው ወይም አንድ የታመነ ሰው ሊያውቀው ይገባል። ቍልፉን ይዞ የሞተ ሰው ግልባጩንም አብሮ ቀብሮታል።

አራተኛውና ብዙ ሰው የሚዘነጋው፤ ግልባጩ የሚነበብ መሆኑን መፈተን ነው። ጊትላብ በተባለው የኮምፒዩተር ድርጅት ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. አንድ ሠራተኛ በስሕተት የዋናውን መረጃ ክምችት ደመሰሰ። ድርጅቱ አምስት ዐይነት የግልባጭ ዘዴ አዘጋጅቶ ነበር፤ በጭንቅ ቀን ሲታይ ግን አንዱም በሚገባ ሲሠራ አልተገኘም። የደረሰለት አንድ ሠራተኛ ለሌላ ጉዳይ ብሎ ከስድስት ሰዓት ያህል በፊት ያነሣው ቅጂ ነው። ያልተፈተነ ግልባጭ ተስፋ እንጂ ግልባጭ አይደለም።

ይህን ሥራ ለመሥራት ቀን መቁረጥ ይጠቅማል። መሥሪያ ቤት በጀቱን ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል፤ ንብረቱንም ይቈጥራል። ለቤታችን ቈጠራ ከጳጉሜን የተሻለ ጊዜ የት ይገኛል? በዓመት አንድ ጊዜ አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው አዲሱን ቢገለብጡ፤ አሮጌውን ከፍተው ቢያዩ፤ ሥራው ከተፈጸመ በኋላ የሚቀረው የቆየ ፎቶግራፍ እያዩ መጫወት ነው። ልጆቹም የአያታቸውን ድምፅ ሰምተው አዲሱን ዓመት ይቀበላሉ።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የተቃጠለውን ሐርድ ዲስክ አንዳንድ ጊዜ በብዙ ገንዘብ የሚጠግን ባለሙያ ይገኝ ይሆናል፤ የተሰረቀውን ስልክ ግን ማንም አይጠግነውም። ስለዚህ ጳጉሜን እስኪመጣ ሳትጠብቁ፤ በዚህች ሌሊት ከስልካችሁ ውስጥ ቢጠፋ ምትክ የማይገኝለትን አንድ ነገር መርጣችሁ በሌላ ስፍራ እንድታኖሩት አሳስባችኋለሁ። የቀረው በየተራው ይደርሳል።