ብግነት በሴትና በወንድ ገላ

የተሰጠኝ ርእስ የሴትና የወንድ ሰውነት በብግነት ጊዜ የሚያሳየውን ልዩነትና ይህ ልዩነት በሕክምናችን ላይ ሊያመጣ የሚገባውን ለውጥ ይመለከታል።

መቅላት፣ ማበጥ፣ መጋልና ማመም የብግነት ምልክቶች መሆናቸውን ከሮማዊው ኬልሰስ ጀምሮ ሰው ያውቃል። እኔን ለብዙ ዓመታት እንቅልፍ የነሳኝ ግን አጀማመሩ ሳይሆን አጨራረሱ ነው። ዘወትር የምናያቸው ሕሙማን የሚሠቃዩት ብግነት ስለጀመራቸው አይደለም፤ አልለቃቸው ስላለ ነው።

ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ2017 ከለንደኑ ኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ የወጣውን የፕሮፌሰር አምሪታ አህሉዋሊያና የባልደረቦቿን ሥራ ደግሜ ደጋግሜ የማነሣው። ጤነኛ ወንዶችና ሴቶች ክንዳቸው ላይ ካንታሪዲን ጠብ ተደረገላቸው። ካንታሪዲን ከጥንዚዛ የሚገኝ፣ የቆዳ ሐኪሞች ለኪንታሮት የሚጠቀሙበት ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የነካው ቆዳ ውሃ ይቋጥራል። ተመራማሪዎቹ ያንን ውሃ በመርፌ እየቀዱ ውስጡ ያሉትን ነጭ የደም ሴሎች ቆጠሩ።

በ24 ሰዓት የሴቱም የወንዱም እብጠት መጠኑ ያው ነው፣ የሴሎቹም ብዛት ያው ነው። በ72 ሰዓት ግን የሴቶቹ ሟሸሸ፤ የወንዶቹ እንዳለ ቆየ። እንግዳው በሁለቱም ቤት እኩል መጣ፤ በሴቶቹ ቤት ድግሱ ሲያበቃ ተነሥቶ ሄደ፣ በወንዶቹ ቤት ግን ተቀምጦ ቀረ። በሴቶቹ በኩል ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ቶሎ የበረዱ ሲሆን፣ ሪሶልቪን የሚባሉት፣ ሰውነት ከኦሜጋ 3 ቅባት እየሠራ ብግነትን የሚያበርድባቸው ንጥረ ነገሮችም ከፍ ብለው ተገኝተዋል።

ከኋላ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች፣ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያዙልኝ፤ 24 እና 72። በ24 ሰዓት ለክተው ወደ ቤታቸው ሄደው ቢሆን ኖሮ «በጾታ ምንም ልዩነት የለም» ብለው ያሳትሙ ነበር። መቼ እንደምንለካ የምናገኘውን መልስ ይወስናል።

እዚያው ጥናት ላይ ሌላም አለ። በጎ ፈቃደኞች ቀለል ያለ ብግነት እንዲነሣባቸው የታይፎይድ ክትባት ተሰጣቸው። ከዚያ ክንዳቸው በማሰሪያ ለጥቂት ደቂቃ ተጠብቆ ሲለቀቅ የደም ቧንቧቸው ምን ያህል እንደሚሰፋ በአልትራሳውንድ ተለካ። ከክትባቱ 8 ሰዓት በኋላ የወንዶቹ ቧንቧ እንደ ቀድሞው መስፋት አቃተው፤ የሴቶቹ ግን አልተነካም። የወር አበባቸው ያልተቋረጠ ሴቶች ከእኩዮቻቸው ወንዶች ባነሰ ለልብና ለደም ቧንቧ በሽታ ለምን እንደሚጋለጡ ለምንጠይቅ ሰዎች ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው።

ታዲያ ሴቷ ብግነትን እንዲህ ቶሎ የምታበርድ ከሆነ፣ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት ሉፐስ የተባለው በሽታ ካለባቸው 10 ሰዎች 9ኙ ስለምን ሴቶች ሆኑ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ከመስጠቴ በፊት ስለ 10ኛው ሰው ልንገራችሁ።

አንድ ወጣት ሹፌር ወደ እኔ ተልኮ መጣ። ጠዋት ጠዋት ጣቶቹ መሪ መጨበጥ አልቻሉም፤ ፀሐይ ሲነካው ፊቱ ይቀላል፤ እግሩ አብጧል። ከአንዱ ጤና ተቋም ወደ ሌላው ሲንከራተት ሉፐስን ያሰበለት አልነበረም፤ የሴት በሽታ ነው ተብሎ ይታመናልና። ሽንቱ ሲመረመር ፕሮቲን ሞልቶበታል። ኩላሊቱ ተነክቶ ነበር። ይህ ወጣት ሴት ቢሆን ኖሮ ቀድሞ ይታወቅለት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ወደ መልሱ ልመለስ። ፈጣን ብግነትን ማብረድ አንድ ነገር ነው፤ ፀረ እንግዳ አካል ማምረትና ማስታወስ ሌላ። በሁለተኛው የሴቷ አቅም ይበረታል፤ ያው ብርታት ግን አንዳንዴ በራሷ ላይ ይዞራል። እዚህ ላይ ጣታችን የሚጠቁመው ኤክስ ክሮሞዞምን ነው። ሁለት ኤክስና አንድ ዋይ ይዘው የሚወለዱ ወንዶች ከሌሎች ወንዶች ይልቅ ለሉፐስ 14 እጥፍ ገደማ ይጋለጣሉ፤ ስለዚህ ነገሩን ሁሉ ለኤስትሮጅን መስጠት አያስኬድም። ከሴቷ ሁለት ኤክሶች አንዱን ዝም የሚያሰኘው ኤክሲስት የተባለ አርኤንኤ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ይህንን አርኤንኤ ወንድ አይጦች እንዲያመርቱት አድርገው በሽታውን በኬሚካል ቢቀሰቅሱት፣ ወንዶቹ እንደ ሴቶቹ ሉፐስ መሰል ሕመም ያዛቸው።

ሰብሳቢዋ ሰዓቱን እያሳየችኝ ስለሆነ ወደ ሕክምናው ልሩጥ። እ.ኤ.አ. በ1977 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ልጅ መውለድ የሚችሉ ሴቶች ከመጀመሪያዎቹ የመድኃኒት ሙከራዎች እንዲቀሩ መመሪያ አወጣ፤ እስከ 1993 ጸንቶ ቆየ። ዛሬ የምናዝዘው መጠን ብዙው የዚያ ዘመን ውርስ ነው። በ2008 የታተመ ጥናት ደግሞ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ግማሽ መጠን የወሰዱ ሴቶች ሙሉውን ከወሰዱ ወንዶች የማይተናነስ ፀረ እንግዳ አካል እንዳመረቱ አሳይቷል። ነገ ተነሥተን መጠን እንቀንስ ማለቴ አይደለም፤ ሙከራውን ስንነድፍ ግን በጾታ ለይተን እንመዝግብ ማለቴ ነው።

ጉዳዩ የሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ መጠኑ ከፍ ያለ የኩፍኝ ክትባት በጊኒ ቢሳው፣ በሴኔጋልና በሄይቲ ለጨቅላዎች ተሰጠ። ከኩፍኝ ይከላከል ነበር። የሴትና የወንድ ሕፃናት ሞት ለየብቻ ሲቆጠር ግን፣ ይህንን ክትባት የወሰዱ ሴት ሕፃናት የተለመደውን ከወሰዱት ይልቅ በብዛት ሞተው ተገኙ። ምክንያቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1992 ክትባቱን ከአገልግሎት አወጣው። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከተማሪዎቹ ልጀምር።